ወደ ኦሽኮሽ የአቪዬሽን ትዕይንት ለሚጓዙ ዜጎች፦ የቪዛ፣ የማደሪያና የትኬት ቅደም ተከተል

በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት በምትገኘው የኦሽኮሽ ከተማ፣ በየዓመቱ በጁላይ ወር ማብቂያ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሐምሌ አጋማሽ፣ «ኤርቬንቸር» የተሰኘ የአቪዬሽን ትዕይንት ለሰባት ቀናት ይካሄዳል። አዘጋጁ እ.ኤ.አ. በ1953 በሚልዋኪ የተመሠረተውና ኢኤኤ በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው የአቪዬሽን ማኅበር ነው። ከ1970 ጀምሮ ትዕይንቱን የሚያስተናግደው የዊትማን አውሮፕላን ማረፊያ ነው። አብራሪዎች የየራሳቸውን አውሮፕላን እያበረሩ ስለሚመጡ፣ በከተማዋና በአካባቢዋ ከ10,000 በላይ አውሮፕላኖች ይሰባሰባሉ። ይህ ማብራሪያ በትዕይንቱ ለመገኘት ለሚያስቡ አብራሪዎች፣ ቴክኒሻኖች፣ የአቪዬሽን ተማሪዎችና ሌሎች ዜጎች የተዘጋጀ ነው።

ማደሪያ ቀድሞ የሚያልቀው ለምንድን ነው?

የኦሽኮሽ ነዋሪዎች ቁጥር 66,000 ገደማ ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት በትዕይንቱ ሳምንት የተመዘገበው የጎብኚ ቁጥር ከ600,000 በላይ ነው። በመሆኑም የከተማዋ ሆቴሎች ከበርካታ ወራት አስቀድመው ይያዛሉ፤ ዋጋቸውም ከወትሮው በእጅጉ ይጨምራል። ከሆቴል ውጭ ያሉት አማራጮች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መኝታ ክፍሎች፣ ነዋሪዎች የሚያከራዩአቸው ቤቶችና ከትዕይንቱ ሥፍራ አጠገብ የሚገኘው የድንኳን ሰፈር ናቸው። በአፕልተን፣ በኒናና በፎን ዱ ላክ ከተሞችም ማደሪያ ይገኛል። ድንኳን የሚመርጡ ተጓዦች ለዝናብ መዘጋጀት ይኖርባቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የጣለው ከባድ ዝናብ የድንኳን ሰፈሮችንና የአውሮፕላን ማቆሚያዎችን አጨቅይቶ ነበር።

የትኛው ይቀድማል?

ብዙ ተጓዦችን ለኪሳራ የሚዳርገው ማደሪያው እንዳያልቅ በመስጋት የማይመለስ ክፍያ አስቀድሞ መፈጸም ነው። ይህን ለማስቀረት የሚከተለውን ቅደም ተከተል መጠበቅ ያስፈልጋል።

1. ፓስፖርት። የፓስፖርቱ የአገልግሎት ዘመን ከጉዞው ማብቂያ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወራት የሚቀሩት መሆኑን ማረጋገጥ።

2. የቪዛ ማመልከቻ። የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ማመልከቻውን በጊዜ ማቅረብ። የማመልከቻ ክፍያው ቪዛ ቢከለከልም አይመለስም። በቺካጎም ሆነ በሚኒያፖሊስ የሚኖር ዘመድ ወይም አዘጋጁ የሚልከው የግብዣ ደብዳቤ ቪዛ ለማግኘት ዋስትና አይሆንም።

3. ማደሪያ። ቀጠሮው እስኪደርስ ድረስ ያለ ቅጣት ሊሰረዝ የሚችል ማደሪያ ብቻ መያዝ፤ የመሰረዣውን የመጨረሻ ቀን በጽሑፍ መቀበልና ቀኑን ከቃለ መጠይቁ ቀን ጋር ማነጻጸር።

4. የአውሮፕላን ትኬት። ቪዛው እጅ ከገባ በኋላ መግዛት።

ከአውሮፕላን ጣቢያ እስከ ኦሽኮሽ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቺካጎ ይበራል። ይሁን እንጂ ከቺካጎ ኦሄር ጣቢያ እስከ ኦሽኮሽ ያለው የመኪና መንገድ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የአፕልተን ጣቢያ 30 ኪሎ ሜትር፣ የሚልዋኪ ደግሞ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። መኪና ለመከራየት ያሰበ ተጓዥ ኪራይ ድርጅቱ የሚጠይቀውን መንጃ ፈቃድ፣ የዕድሜ ገደብና የክሬዲት ካርድ ዓይነት ከአገር ከመውጣቱ በፊት ማጣራት ይኖርበታል። ርካሽ የሆነ ሩቅ ማደሪያ የትራንስፖርት ወጪው ሲደመር ከቅርቡ ሊበልጥ ስለሚችል ሁለቱን አንድ ላይ ማስላት ይገባል።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

በትዕይንቱ ሰሞን የሌለን ቤት በማስታወቂያ አውጥተው ቅድሚያ ክፍያ የሚቀበሉ አጭበርባሪዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ለማያውቁት ግለሰብ በሐዋላ ገንዘብ ከመላክ መቆጠብና ክፍያን ገንዘብ ማስመለስ በሚቻልበት መንገድ መፈጸም ተገቢ ነው። «ቪዛ በእርግጠኝነት አስገኛለሁ» የሚል ደላላ የሚሰጠው ተስፋም ዋጋ የለውም፤ ቪዛ የመስጠትም ሆነ የመከልከል ሥልጣን የኤምባሲው ብቻ ነው። በአሜሪካ የሕክምና ወጪ ከፍተኛ በመሆኑ የጉዞ ጤና መድን መግባት ይመከራል። ለጉዞ የውጭ ምንዛሪ የሚፈልጉ ተጓዦች ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዘው ወደ ባንካቸው መቅረብ ይችላሉ።

ተጓዦች የፓስፖርታቸውን፣ የቪዛቸውንና የማደሪያ ማረጋገጫቸውን ቅጂ አገር ቤት ለሚቀር የቤተሰብ አባል ትተው እንዲሄዱ ይመከራል።