በበረንዳ አበባ ውስጥ የሚሠራ ጎጆና ወፎችን በጊዜ የማራቅ ዘዴ

በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ግዛቶች፣ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸውን ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን ጨምሮ፣ ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ በበረንዳ ላይ የሚንጠለጠሉ የአበባ ቅርጫቶች፣ በደጃፍ የሚቀመጡ የአበባ መትከያዎችና በበረንዳ ብረት ላይ የሚታሰሩ የአፈር ሣጥኖች የወፍ ጎጆ መሥሪያ ይሆናሉ። አበባውን የተከለው ሰው ነገሩን እንደ ድንገተኛ አጋጣሚ ሊመለከተው ቢችልም ወፏ ቦታውን የምትመርጠው በበቂ ምክንያት ነው፤ ጣሪያው ዝናብንና የቀትር ፀሐይን ይከለክልላታል፣ የቅርጫቱ ከፍ ብሎ መንጠልጠል ድመትንና ራኩን የተባለውን ሌሊት የሚዘዋወር እንስሳ ያርቅላታል፣ ቅጠሉ ከቁራና ከጭልፊት ዓይን ይሰውራታል፣ ልሉ አፈር ደግሞ በደረቷ እየተጫነች ጎድጓዳ ቦታ እንድታበጅ ይመቻታል። የሰው ወጣ ገባ ማለት እንኳ ጎጆ የሚዘርፉ እንስሳትን ስለሚያሸሽ ለአንዳንድ ዝርያዎች ከጉዳቱ ጥቅሙ ያመዝናል።

ችግሩ ለሁለቱም ወገን ነው። ለአበባው የሚፈሰው ውሃ እንቁላሉን ያቀዘቅዛል ወይም ጫጩቶቹን ያጥለቀልቃል፣ ውሃው ሲቋረጥ ደግሞ አበባው ይደርቃል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር እናቲቱ ደንግጣ ትበራለች፣ ወለሉም በኩስ ይበላሻል።

ወደ አበባ መትከያ የሚመጡት ዝርያዎች ብዙ አይደሉም። ቀዳሚዋ ሀውስ ፊንች የምትባለው፣ በመጠን ድንቢጥ የምታህል ወፍ ስትሆን፣ የወንዱ ራስና ደረት በሚመገበው ምግብ ውስጥ ካለው ቀለም የተነሣ ይቀላል። የዚህች ወፍ የትውልድ አገር የአህጉሩ ምዕራባዊ ክፍልና ሜክሲኮ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1940 በኒው ዮርክ በሕገ ወጥ መንገድ በቀፎ ይሸጧት የነበሩ ነጋዴዎች ቅጣት ሲፈሩ በሎንግ አይላንድ ስለለቀቋት፣ ከዚያ ተነሥታ ምሥራቁን በሙሉ አዳርሳለች። አብዛኛውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ፈዛዛ ሰማያዊ እንቁላሎች ትጥላለች፤ የምታቅፈው ሴቷ ብቻ ስትሆን፣ ወንዱ ምግብ እያመላለሰ በ13 ወይም በ14 ቀን ይፈለፈላሉ። ወላጆቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጫጩቶቹን ኩስ እያነሡ ቢያጸዱም በኋላ ይተዉታል፤ የጎጆው ከንፈር በነጭ ኩስ ተለብጦ የሚገኘውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛዋ በድምፅዋ ምክንያት ሐዘንተኛ ዋኔ የሚል ስም የተሰጣት ናት። ጎጆዋ ከጥቂት ጭራሮ የተሠራ፣ ለዓይን ግዴለሽ የሚመስል ሲሆን፣ በላዩ ሁለት ነጭ እንቁላሎች ታኖርበታለች። ቀን ቀን ወንዱ፣ ሌሊት ሴቷ ስለሚያቅፉ ጎጆው ባዶ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል፤ ጫጩቶቹም ሁለቱም ወላጆች ከጉሮሮ በታች ባለ የምግብ ከረጢታቸው በሚያመነጩት ወተት መሰል ፈሳሽ ያድጋሉ። በሞቃት አካባቢ በአንድ ዓመት እስከ ስድስት ጊዜ መፈልፈል ስለምትችል፣ አንድ ጊዜ የለመደችውን መትከያ በቀላሉ አትተውም። በኢትዮጵያ፣ በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከተሞች በየበረንዳው የምትታየው ትንሿ ዋኔ የዚችው ዘመድ ስለሆነች፣ ከዚህ በታች የሚገለጸው ዘዴ ለእርሷም ይሠራል፤ የሕጉ ጉዳይ ግን እንደየአገሩ ይለያያል።

ሦስተኛዋ ካሮላይና ሬን ክረምት ከበጋ ከአካባቢዋ የማትለቅ ቡናማ ወፍ ስትሆን፣ ጎጆዋን ከደረቀ ቅጠልና ከዛፍ ሽበት ሠርታ፣ ከላይ ክዳን ደፍታ፣ መግቢያውን ከጎን ታደርገዋለች። ከሌሎቹ ይልቅ የምትደበቅ በመሆኗ ባለቤቱ መኖሯን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ውሃ በላይዋ ካፈሰሰ በኋላ ነው።

ወፎቹን ለማራቅ ከመነሣት በፊት መታወቅ ያለበት፣ በዩናይትድ ስቴትስ ጉዳዩን የሚገዛ የፌዴራል ሕግ መኖሩ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የሴቶችን ባርኔጣ በላባ ማስጌጥ ፋሽን ሆኖ ብዙ ወፎች በገፍ ይገደሉ ነበር፤ በአንድ ወቅት ሰማዩን ይሸፍን የነበረው የአሜሪካ ስደተኛ እርግብ ዘርም የመጨረሻዋ ወፍ እ.ኤ.አ. በ1914 በሲንሲናቲ የእንስሳት ማቆያ ስትሞት ጠፋ። በ1916 ዩናይትድ ስቴትስ ካናዳን ከወከለችው ብሪታንያ ጋር ስምምነት ፈረመች፣ በ1918ም የስደተኛ ወፎች ስምምነት ሕግ ወጣ። የሚዙሪ ግዛት የወፍ ጉዳይ የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን አይደለም ብላ ብትከራከርም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1920 ሕጉን አጸናው። ዛሬ ሕጉ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ዝርያዎችን ይጠብቃል፤ ተላላፊውም እስከ 15,000 ዶላር ቅጣትና እስከ ስድስት ወር እስራት ሊደርስበት ይችላል። ከውጭ የመጡት የቤት ድንቢጥ፣ የአውሮፓ ስታርሊንግና የከተማ እርግብ ከጥበቃው ውጭ ሲሆኑ፣ ሀውስ ፊንች ግን በምሥራቁ በሰው እጅ የተለቀቀች ብትሆንም የአህጉሩ ተወላጅ በመሆኗ ትጠበቃለች።

ሕጉ በተግባር ሲተረጎም እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበትን ጎጆ መንካት ይከለክላል፤ በግንባታ ላይ ያለውን ወይም ባዶ የቀረውን ማንሣት ግን ይፈቅዳል። ባዶውን ጎጆ ለጌጥ ብሎ ቤት ውስጥ ማኖር መከልከሉ ብዙዎች የማያውቁት ነጥብ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ በሙሉ የሚወሰነው በአንዲት ዕለት፣ የመጀመሪያው እንቁላል በሚጣልበት ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት መከላከሉ ቀላል ነው፣ ከዚያ በኋላ ግን ከመጠበቅ በቀር የቀረ አማራጭ የለም። ዋኔ ጎጆዋን ከሁለት እስከ አራት ቀን ውስጥ ስለምትጨርስ፣ በወቅቱ ቅርጫቶቹን በየቀኑ መመልከትና የተጠራቀመውን ጭራሮ ወዲያው ማንሣት ያስፈልጋል፤ ወፎቹ ደጋግመው ሊሞክሩ ስለሚችሉ ሥራው በአንድ ቀን አያበቃም።

ከመከላከያዎቹ ሁሉ አስተማማኝ የሆነው ወፏን ማስፈራራት ሳይሆን አፈሩን መንፈግ ነው። የዶሮ ሽቦ ወይም ቀዳዳው ጠበብ ያለ ሌላ የሽቦ መረብ በመትከያው አፍ ልክ ተቆርጦ፣ ከጠርዙ እስከ መሐሉ አንድ ጊዜ ተሰንጥቆ፣ በግንዱ ዙሪያ አፈሩ ላይ ይነጠፋል፣ በታጠፈ ሽቦም እንዳይነሣ ይወጋል። ውሃው ያልፋል፣ ቀንበጡም በቀዳዳው ወጥቶ ሽቦውን በጥቂት ሳምንታት ይሸፍነዋል፣ ወፏ ግን የምትጎደጉደው አፈር አታገኝም። በየጊዜው ለሚቀጠፉት ለበሶብላና ለጤና አዳም ማሰሮዎች ቀጫጭን የእንጨት ስንጥሮችን ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርጎ አቀራርቦ መትከል ይሻላል፤ የጥድ ፍሬ ወይም ጭብጥ የሚያህል ድንጋይ መደርደርም ያግዛል። ቅርጫቱ በኮኮናት ቃጫ የተለበጠ ከሆነ ወፎች ቃጫውን ለጎጆ ስለሚመዙት በፕላስቲክ መለወጥ ይቻላል። በግንባታው ሰሞን ቅርጫቱን ቦታ እያቀያየሩ መስቀልም ወፏ ቦታውን እንዳትለምድ ያደርጋል።

በገበያ ላይ የሚታዩት ሌሎች መሣሪያዎች ይህን ያህል አመኔታ የሚጣልባቸው አይደሉም። የፕላስቲክ ጉጉት ካልተንቀሳቀሰ ወፎች በጥቂት ቀናት ይለምዱታል፣ የሚያብረቀርቅ ጥብጣብም ዕድሜው አጭር ነው። ቀጭን የናይለን መረብ የወፍ እግርና እባብ ስለሚጠልፍ፣ የሚያጣብቅ ቅባትም ላባን ስለሚያበላሽ ባይሞከሩ ይመረጣል። ናፍታሊን መበተን ደግሞ ለሕፃናትና ለቤት እንስሳት መርዝ ከመሆኑም በላይ ለዚህ አገልግሎት አልተፈቀደም።

እንቁላሉ ተጥሎ ከተገኘ ቅርጫቱ ባለበት ይቆይ፤ ከመጀመሪያው እንቁላል ጫጩቶቹ እስኪበሩ ያለው ጊዜ በግምት አንድ ወር ነው። ውሃው ከጎጆው ርቆ በጠርዙ በኩል በቀጭን አፍ ማጠጫ በዝግታ ይፈስሳል፣ ወይም ጥቂት የበረዶ ቁራጮች ጠርዙ ላይ ተቀምጠው ቀስ ብለው እንዲቀልጡ ይደረጋል። የሰው እጅ የነካውን ጎጆ እናቲቱ በሰው ጠረን ምክንያት ትተወዋለች የሚለው እምነት ትክክል አይደለም፤ የሚያስመርራት በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚደጋገም ረብሻ ነው። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ተቋም የሚመራው የጎጆ ክትትል መርሐ ግብር ለተመልካቾቹ የሚመክረው በሦስት ወይም በአራት ቀን አንድ ጊዜ ማየትን ነው። ጫጩቶቹ ላባ ካወጡ በኋላ ግን ደንግጠው ያለጊዜያቸው ሊዘልሉ ስለሚችሉ አለመቅረብ ይበጃል።

ወፎቹ ከሄዱ በኋላ ጎጆው በጓንትና በአፍ መሸፈኛ ይነሣል፣ በከረጢት ታስሮም ይጣላል፤ ደም የሚመጥጠው የወፍ ቅንቅን ባዶ ከቀረ ጎጆ ወጥቶ ወደ ቤት ሊዘልቅና ሰውን ሊነክስ ስለሚችል ማቆየቱ አይመከርም። ባዶው መትከያ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበርዞ ይታጠባል። እ.ኤ.አ. በ1994 በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሀውስ ፊንች ላይ የታየውና በኋላ በምሥራቁ የተሠራጨው፣ የወፎቹን ዓይን የሚያሳብጥ የባክቴሪያ በሽታ ይህን ጥንቃቄ ለወፎቹም ጤና አስፈላጊ ያደርገዋል። መትከያው እንደደረቀ ሽቦው ወዲያው ሊነጠፍ ይገባል፤ ሁለተኛው ዙር እንቁላል ብዙ ጊዜ አይዘገይምና። ቅርጫቱን ገና ያልሰቀለ አንባቢ ሽቦውን ከመስቀሉ በፊት ያንጥፍ፤ እንቁላል አግኝቶ የዘገየ ደግሞ ለአንድ ወር በሌላ በር ይውጣ።