ብርሃን ተከታዩ ሮቦት ሲያስቸግር ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነውን?

ሁለት ሞተር ያለውና ብርሃን የሚከተል ሮቦት መሥራት ማይክሮኮንትሮለር የሚማሩ ተማሪዎች መጀመሪያ ከሚሞክሯቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ከፊት ሁለት የብርሃን ዐይኖች አሉ፤ ከኋላ ሁለት ሞተሮች፤ በመካከልም አርዱኢኖ ኡኖ የተባለው ሰሌዳ። ዳሩ ግን ጎማው መሬት ሲነካ ሮቦቱ ባለበት ይሽከረከራል፤ ወይም ከብርሃኑ ይሸሻል፤ ወይም ሁለት ስንዝር ሄዶ ይቆማል። ያን ጊዜ የቡድኑ አባላት በሙሉ ወደ ፕሮግራሙ ይሮጣሉ። አንዱ መስመር ይሰርዛል፤ ሌላው ከጓደኛው የተዋሰውን ይለጥፋል፤ እኩለ ሌሊት ሲሆን ቀድሞ ደኅና የነበረው ፕሮግራም ተበላሽቶ፣ የመጀመሪያው ጥፋት ግን ከነሕይወቱ ይገኛል። የማስረከቢያው ቀን ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ማለት ይኸው ነው።

ሮቦቱ የሚያሳየው ጠባይ በፕሮግራሙ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ አይደለም። እንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ዊሊያም ግሬይ ዋልተር የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1948ና በ1949 ኤልመርና ኤልሲ ብሎ የሰየማቸውን ኤሌክትሪካዊ ዔሊዎች ሲሠራ ፕሮግራም የሚባል ነገር አልነበራቸውም። እያንዳንዷ ዔሊ አንድ የብርሃን ዐይን፣ ሁለት የራዲዮ አምፑልና ሁለት ሞተር ብቻ ይዛ ብርሃን ትፈልግ ነበር። እንግዲህ ጠባይ ከሽቦ፣ ከባትሪና ከጎማ ጭምር የሚወለድ ከሆነ፣ ጥፋትም ከነዚሁ ይወለዳል። ስለዚህ ፕሮግራሙን ከመንካት በፊት ብርሃኑ ከዐይን እስከ ጎማ የሚጓዝበትን መንገድ ከመካከሉ ቆርጦ፣ ግማሹን ለብቻው መመርመር ይገባል።

በመጀመሪያ የሞተሮቹን ሽቦ አላቅቁ። ፕሮግራሙ የሁለቱን ዐይኖች ቁጥር እያነበበ በሲሪያል ሞኒተር ላይ እንዲጽፍ ብቻ አድርጉ። ዐይኑ ብርሃን ሲያገኝ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው የሚቀንስ ሬዚስተር ነው። አንዱ ጫፉ ከ5 ቮልት ጋር፣ ሌላው ጫፉ በ10,000 ኦም ሬዚስተር በኩል ከግራውንድ ጋር ይያያዛል፤ ሰሌዳው የሚያነበውም ከመካከላቸው ያለውን ቮልት ነው። ንባቡ ከ0 እስከ 1023 ይደርሳል። አሁን የእጅ ባትሪ አብርታችሁ ተመልከቱ። ብርሃኑ ሲቀርብ ቁጥሩ ከወረደ ዐይኑና ሬዚስተሩ ቦታ ተለዋውጠዋል። በጨለማም ቢሆን ከ1023 አጠገብ የማይነቃነቅ ከሆነ ሬዚስተሩ ግራውንድ አልነካም። ቁጥሩ እንዳሻው የሚዋልል ከሆነ ደግሞ ወደ ሰሌዳው የሚሄደው ሽቦ ከቦታው ወጥቷል። በእኩል ብርሃን አንዱ ዐይን 610፣ ሌላው 540 ቢያነብ ግን አትደንግጡ፤ ከአንድ ከረጢት የወጡ ሁለት ዐይኖች እንኳ አንድ ዓይነት አይሆኑም። ልዩነቱን መዝግቦ በፕሮግራሙ ውስጥ ማካካስ ነው። «ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ቀጥ ብለህ ሂድ» የሚል ትእዛዝ በዚህ ምክንያት ከቶ አይሠራም ለማለት ይቻላል፤ «ልዩነታቸው ከ40 ሲያንስ» ማለት ይሻላል።

ሁለተኛው ግማሽ ሞተሮቹ ናቸው። ዐይኖቹን ትታችሁ፣ ጎማዎቹን ከመሬት አንሥታችሁ፣ ለሁለቱም ሞተር አንድ የታወቀ ቁጥር ለምሳሌ 150 ስጡ። አንዱ ወደ ኋላ የሚዞር ከሆነ ሁለቱን ሽቦዎቹን አለዋውጡ። (ሞተርን ያለ ማንቀሳቀሻ ሰርኪዩት በቀጥታ ከሰሌዳው እግር ጋር የሚያያይዝ ቢኖር ይተው፤ የአንድ እግር የመጨረሻ ወሰን 40 ሚሊአምፔር ነው፤ ሞተር ደግሞ ሲነሣ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይጠጣል።)

ዐይኖቹም ሞተሮቹም ለየብቻቸው ደኅና ከሆኑ በኋላ ሮቦቱ ከብርሃን ቢሸሽ፣ ነገሩ የሚያስቅ ነው እንጂ የሚያስለቅስ አይደለም። ቫለንቲኖ ብራይተንበርግ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው «ቬሂክልስ» በተባለው መጽሐፍ ይህንኑ አሳይቷል። የግራ ዐይን የግራውን ሞተር የሚያፈጥን ከሆነ፣ ብርሃኑ በግራ ሲሆን የግራው ጎማ ይፈጥናል፤ ሮቦቱም ወደ ቀኝ ታጥፎ ይሸሻል። የግራ ዐይን የቀኙን ሞተር እንዲያፈጥን ሲደረግ ወደ ብርሃኑ ይዞራል። መድኃኒቱ ሁለት ስም ማለዋወጥ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፕሮግራሙ መግባት ይፈቀዳል። እዚህ የሚገኙት ጥፋቶች አብዛኛውን ጊዜ የቁጥር ልክ ናቸው። ዐይኑ እስከ 1023 ያነባል፤ ለሞተሩ ፍጥነት የሚሰጠው ቁጥር ግን ከ255 ማለፍ የለበትም። ንባቡን እንዳለ ለአናሎግ ራይት የሚሰጥ ተማሪ፣ በ5ኛውና በ6ኛው እግር ላይ 300 ሲጽፍ ሰሌዳው የሚቀበለው 44 ነው፤ 256ቱ ፈሶ ይቀራልና። ሮቦቱም ብርሃን በቀረበ ቁጥር ይፈጥንና ድንገት ይደክማል፤ ሲያዩት ሞተሩ የታመመ ይመስላል።

ከዚህ የረቀቀም አለ። «ንባቡን በ255 አባዝቼ ለ1023 አካፍላለሁ» የሚለው ተማሪ ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ዳሩ ግን በኡኖ ላይ ኢንት የሚባለው ቁጥር ከ32,767 በላይ አይዝም። ንባቡ 128 ሲሆን ብዜቱ 32,640 ነውና ፍጥነቱ 31 ይወጣል። ንባቡ 129 ሲሆን ብዜቱ 32,895 ሆኖ ወሰኑን ያልፋል፤ ውጤቱም ተገልብጦ ከዜሮ በታች 31 ይሆናል፤ ሞተሩ ጋ ሲደርስ ደግሞ 225 ሆኖ ይገኛል። ብርሃኑ በአንድ ነጥብ ቢጨምር ፍጥነቱ ከ31 ወደ 225 ይዘላል ማለት ነው። ንባቡን ለ4 ማካፈል ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ዲሌይ የተባለውንም ትእዛዝ ተጠንቀቁ። ፕሮግራሙ ግማሽ ሴኮንድ እንዲጠብቅ ሲታዘዝ ሮቦቱ ግማሽ ሴኮንድ ዐይኑን ይጨፍናል። በሴኮንድ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሄድ ቢሆን 15 ሳንቲ ሜትር በጭፍን ሄደ ማለት ነው፤ ብርሃኑን አልፎ ቢሄድ አይፈረድበትም።

ጎማው በአየር ላይ ሳለ በሚገባ የሚሠራ፣ መሬት ሲነካ ግን የሚያብድ ሮቦት የባትሪ በሽተኛ ነው ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል። ሞተሮቹ ሲነሡ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባሉ፤ ቮልቱ ይወርዳል፤ ማይክሮኮንትሮለሩም ጠፍቶ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ይህን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። በፕሮግራሙ መግቢያ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በሚፈጸመው ክፍል፣ «ጀመርኩ» የሚል ቃል እንዲጻፍ አድርጉ። ሲሪያል ሞኒተሩ ሲከፈት ሰሌዳው ራሱ እንደ አዲስ ስለሚነሣ ቃሉ አንድ ጊዜ መታየቱ ደንብ ነው። ሮቦቱ እየሄደ ቃሉ ከተደጋገመ ግን ፕሮግራሙን ሺህ ጊዜ ቢጽፉት አይድንም። አራት ማዕዘኑ ትንሽ የ9 ቮልት ባትሪ ለራዲዮ እንጂ ለሁለት ሞተር አልተፈጠረም። ለሞተሮቹ የራሳቸውን ባትሪ መስጠት፣ የሁለቱን ባትሪዎች ግራውንድ ግን አንድ ላይ ማያያዝ ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተደረገ ትእዛዙ ከሰሌዳው ወደ ሞተሩ በወጉ አይደርስም። ኤል 298 የተባለው ማንቀሳቀሻም በበኩሉ 2 ቮልት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚያስቀር፣ በ6 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ላይ ለሞተሩ የሚደርሰው ቢበዛ 4 ቮልት ያህል ነው። ባትሪው ተለይቶም ቃሉ ከተደጋገመ በየሞተሩ ሁለት እግሮች መካከል የ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በዩና እንደገና ሞክሩ።