አምስት ሴንቲሜትር የሚረዝመው ዘማች

በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ ወረደ። ያን ጊዜ ወደ ባሕር የሚያደርስ ሐዲድ አንድ ብቻ ስለነበር፣ ወደ ኮሪያ የሚዘምቱት ወታደሮች አዳማን አልፈው በወለንጪቲ፣ በመተሐራና በአዋሽ በኩል ነው የሄዱት። ከጅቡቲ ጄኔራል ማክሬ በተባለችው የአሜሪካ መርከብ ተሳፍረው ሚያዝያ 28 ቀን ፑሳን ወደብ ደረሱ። የአዛዦቹን ስም እናውቃለን፤ የጦሩ የበላይ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ፣ የሻለቃው አዛዥ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ነበሩ። ተራ በተራ ከሄዱት ሻለቆች በድምሩ 6,037 ኢትዮጵያውያን እንደ ዘመቱ፣ ከ120 በላይ እንደ ወደቁ፣ አንድም ሰው እንዳልተማረከ ደጋግመን ሰምተናል። ነገር ግን ከእነዚያ ሺዎች አንዱን፣ ተራውን ወታደር፣ ነጥለን ብንጠየቅስ? እግሩ ላይ ምን ተጫምቶ ነበር? ወገቡ ላይ ምን ምን ታጥቋል? ጥይቱን የት ይዟል? በኮሪያ ክረምት ከብረት ቆቡ ሥር ምን ደርቧል? አብዛኞቻችን መልስ የለንም።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሳይታክቱ የሚጠይቁ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ። ከሃምሳና ከስድሳ ዓመት በፊት የተመረቱ የፕላስቲክ ወታደር ሞዴሎችን እያሰሱ የሚሰበስቡ፣ የሚገጣጥሙና ቀለም የሚቀቡ ናቸው። እኛ ዘንድ ይህ ሥራ ብዙም አይታወቅም። በአዳማም ሆነ በወለንጪቲ ገበያ የፕላስቲክ ወታደር ሲባል ወደ ሐሳብ የሚመጣው በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው የቻይና አሻንጉሊት ነው። ስለዚህ አንድ ጎልማሳ ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሮ የአንዲት ትንሽ ወታደር ቁልፍ ሲቀባ ቢገኝ፣ ምን ነካው መባሉ አይቀርም። እኔ ግን ሥራው ከልጅ ጨዋታ የራቀ ነው እላለሁ። እንዲያውም ታሪካችን በጅምላ ጠርቶት ያለፈውን ተራ ዘማች አንድ በአንድ መልሶ ለማየት ይረዳናል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ የጀመረው በእርሳስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ዊልያም ብሪትን የተባለ እንግሊዛዊ ውስጡ ክፍት የሆነ የእርሳስ ወታደር ማውጣት ቻለ። የሚፈጀው ማዕድን በመቀነሱ ዋጋው ረከሰ፣ ወታደሩም በየቤቱ ገባ። ኋላ የእርሳስ መርዛማነት ሲያሳስብና ፕላስቲክ ሲበረክት የብሪትን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1966 የእርሳሱን ምርት አቆመ። በዚሁ ዘመን ኤርፊክስ በእንግሊዝ፣ ሂስቶሬክስ በፈረንሳይ፣ ታሚያ በጃፓን ተነሥተው ወታደሩን ሳይሆን የወታደሩን ክፍሎች መሸጥ ጀመሩ። እጅ፣ እግር፣ ጭንቅላት፣ ኮዳ፣ ጠመንጃ፣ ሁሉም ለየብቻው ከአንድ የፕላስቲክ ዘንግ ጋር እንደ ተያያዘ በካርቶን ይመጣል። ገዢው እያንዳንዱን በስለት ይቆርጣል፤ ከሞልዱ የቀረውን ቀጭን መስመር ይፍቃል፤ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፤ ከዚያ ይገጥማል። ለዚህ ሥራ የሚውለው ማስቲሽ የሁለቱን ክፍሎች ፊት በጥቂቱ አቅልጦ ስለሚያዋሕዳቸው፣ ከደረቀ በኋላ የተሳሳተውን እጅ ለማስተካከል መቁረጥ ግድ ይሆናል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተለመደው የ1 ለ35 ምጣኔም የመጣው ከታሚያ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ የጀርመን ታንክ ሲያወጣ፣ ሞተሩና ባትሪዎቹ ውስጡ እንዲገቡ የታንኩን ስፋት በእነሱ ልክ አደረገው፤ ስሌቱ 1 ለ35 ሆኖ ተገኘ፣ ወታደሮቹም ታንኩን ተከትለው በዚያው መጠን ወጡ። በዚህ ምጣኔ አንድ ሜትር ከሰባ አምስት የሚረዝም ሰው አምስት ሴንቲሜትር ይሆናል።

አምስት ሴንቲሜትር ትንሽ ብትመስልም ማምለጫ አትሰጥም። ጸሐፊ "ሠራዊቱ ታጥቆ ተነሣ" ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊሻገር ይችላል። ሞዴል የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለ መሻገሪያ የለውም። እግሩ ወይ ባዶ ነው ወይ ተጫምቷል፤ ዝናሩ ወይ በደረት ነው ወይ በወገብ፤ ቀለሙ ካኪ ከሆነም የትኛው ካኪ እንደሆነ መወሰን አለበት። ስለዚህ ፎቶግራፍ ይፈልጋል፣ ሙዚየም ይሄዳል፣ የዘመኑን የደንብ ልብስ መመሪያ ያነባል፣ ከሌላ ሠሪ ጋር ይከራከራል። ሂስቶሬክስ የናፖሊዮንን ወታደሮች እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው እስከ መሸጥ የደረሰው፣ ደንበኞቹ ይህን ያህል ጠያቂዎች ሆነው ስላገኛቸው ነው። ለዚህም ነው ተገጣጥሞ ያለቀ ጥሩ ሥራ ብዙ ጊዜ ከአንድ የታሪክ ገጽ የበለጠ ስለ ተራው ሰው የሚነግረን።

ታዲያ ኢትዮጵያዊው ወታደር በዚህ ዓለም ውስጥ የት አለ? አለ፤ ግን ሌሎች እንዳዩት ነው ያለው። ጣልያን አገራችንን በወረረችበት ሰሞን ብሪትን ሁለት የእርሳስ ስብስቦች ለገበያ አቅርቦ ነበር፤ አንዱ የንጉሠ ነገሥቱ የክብር ዘበኛ፣ ሌላው በጅምላ የኢትዮጵያ ጎሣ ዘማቾች የሚል ስም የተሰጠው። የጣልያን እግረኛ ወታደሮችንም በተጨማሪ አወጣ። ጋዜጣ ላይ የሚነበበው ጦርነት እንዲህ ተደርጎ በለንደን ሱቆች መስኮት ተደረደረ። የክብር ዘበኛው በቤልጅግ መኮንኖች የሠለጠነ፣ መለዮ ለባሽ ጦር ነበርና እርሱን መለየት ቀላል ነው። ሁለተኛው ስብስብ ግን የወሎውን፣ የሸዋውን፣ የትግራዩን፣ የአርሲውን ዘማች ሁሉ በአንድ ዓይነት ሰው ጠቅልሎታል። ሠሪውን አልወቅስም፤ ትክክለኛውን የሚነግረው ማን ነበር?

ምን ያህል ዝርዝር እንደሚጠፋ ለማየት ሁለት ነገር ብቻ እንመልከት። ጎራዴ የታጠቀ የአውሮፓ ወታደር ሰይፉ በግራ ጎኑ ነው፤ የፕላስቲክ ሞዴሎቹም በዚያው ልክ ተቀርጸዋል። የድሮው ኢትዮጵያዊ ግን ጎራዴውን በቀኝ ጎኑ ነበር የሚታጠቀው፤ ከጎንደር ዘመን ጀምሮ አገራችንን ያዩ ተጓዦች ይህን ጽፈውታል። ሁለተኛው ፈረስ ነው። አድዋ ላይ ጠላት ማፈግፈግ ሲጀምር ያሳደደውና መውጫ ያሳጣው በተለይ የኦሮሞ ፈረሰኛ ነበር። ይህ ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ይጋልባል፤ እርካቡም የአውራ ጣቱን ያህል ብቻ የምታስገባ ትንሽ ቀለበት ናት። የሂስቶሬክስን ወይም የኤርፊክስን ፈረስ ገዝቶ ባለ ቡትስ ጋላቢውን በኢትዮጵያዊ ለመተካት የሚነሣ ሰው ሰፊውን እርካብ ቆርጦ ጥሎ በቀጭን ሽቦ ቀለበት ካልሠራ፣ የሠራው ጥቁር ቀለም የተቀባ ፈረንሳዊ ነው የሚሆነው። ጠመንጃውም እንዲሁ ነው፤ ውጅግራና ስናድር አንድ አይደሉም፣ ርዝመታቸውም ብልታቸውም ይለያያል።

የራሳችን ሥዕልስ አይበቃም ወይ የሚል ይኖራል። የአድዋ ሥዕሎቻችን እጅግ የምወዳቸው ናቸው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በጃንጥላ ሥር፣ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ፣ የእኛ ሰዎች ፊታቸው ሙሉ፣ ጠላት በአንድ ዓይን ብቻ። ይህ የአሣሣል ሕግ ወገንን ከጠላት ለይቶ ለማሳየት የወጣ ነው፤ ያንንም በሚገባ ያደርጋል። ተራው ዘማች ግን በሥዕሉ ላይ ከመኳንንቱ ኋላ የተደረደረ ፊት ነው፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው ነገር ትንሽ ነው። ሥዕሉ ድሉን ይነግረናል፤ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ማለዳ አንድ የወረኢሉ ገበሬ ትከሻው ላይ ምን እንደ ነበረ ግን አይነግረንም፣ ለዚያም አልተሣለም።

ሥራውን ለመጀመር ግን ከአድዋ ይልቅ ቃኘው ይቀላል ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም ተግባራዊ ነው። ቃኘው በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር በ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ሥር ሲዋጋ ልብሱም መሣሪያውም የአሜሪካ ነበር፤ ክቡ የብረት ቆብ፣ ስምንት ጥይት የሚጎርሰው ኤም ዋን ጠመንጃ፣ ካርባይኑ፣ የሸራ ዝናሩ። ይህ ዕቃ ደግሞ በአብዛኛው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈው ዓይነት ነው። እናም ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያወጣው የአሜሪካ እግረኛ ስብስብ፣ ዛሬ አሮጌ ተብሎ በሰብሳቢዎች እጅ የሚዞረው፣ ለቃኘው ወታደር ጥሬ ዕቃ ሊሆን ይችላል። የሚቀየረው በዋናነት ፊቱ ነው። እዚህ ላይ ሠሪው ከባድ ፈተና ይገጥመዋል። ከስብስቡ ጋር የሚመጣው የቀለም መመሪያ "የሥጋ ቀለም" የሚለው አንድ ነጣ ያለ ሮዝ ነው፤ ለእኛ አይሆንም። ቡናማ ቀብቶ ብርሃን የሚያርፍበትን ግንባርና ጉንጭ በነጭ ማፍካትም ፊቱን አመድ ያስመስለዋል። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ለማፍካት ብጫና ቀይ አፈር የሚመስል ቀለም፣ ለማጥቆር ደግሞ ጥቁር ሳይሆን ወይን ጠጅ ያለበት ቡናማ ይጨምራሉ። ያኔ የአምስት ሴንቲሜትሩ ሰው ፊት ሕያው ይሆናል። አንድ ሰው ይህን ለማድረግ የአንድን ኮሪያ ዘማች ፎቶግራፍ ለሰዓታት ሲመለከት ምን እያደረገ ነው? ከዚያ በፊት ማንም ያላየውን ሰው እያየ ነው።

የሚቀርበው ትልቁ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ጦርነት ያደቀቃት አገር ውስጥ ወታደር ማስዋብ ለምን አስፈለገ? ይህን ተቃውሞ አከብረዋለሁ። ልጅን በአሻንጉሊት ጠመንጃ ማሳደግ የሚያስፈራው ወላጅ እውነት አለው፤ አንዳንድ የሞዴል ካርቶኖች ላይ ያለው ሥዕልም ጦርነትን እንደ ስፖርት ያሳያል። ግን ጦርነትን የሚያሳምረው ዝርዝር ሳይሆን ጅምላ ይመስለኛል። ሰንደቅ፣ ፉከራና ቁጥር ሲበዛ ሰው ይጠፋል። የተጣፈ ሱሪ፣ ጭቃ የነካው እግር፣ የደከመ ዓይን እንዲቀባ የተገደደ ሰው ግን ጦርነቱ በማን ላይ እንደ ወደቀ ሳይገባው አይቀርም። መርሳትም ንጹሕ አይደለም። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የመጣው መንግሥት ኮሪያ ዘማቾችን ከኮሚኒስት ጋር የተዋጉ ናቸው ብሎ ሲገፋቸው፣ ብዙዎቹ በችግር ኖሩ፣ ታሪካቸውም ተዳፈነ። በኮሪያ ቹንቾን ከተማ በ1960 ዓ.ም. መታሰቢያ ሲቆምላቸው፣ አዲስ አበባ አፍንጮ በር ያለው መታሰቢያ የመጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ያ ዝምታ አንድም ጦርነት አላስቀረም።

ዋጋውስ? አሮጌ ስብስብ ከውጭ ማስመጣት በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ለአብዛኛው ሰው ከአቅም በላይ መሆኑን መካድ አይቻልም። ሰብሳቢዎች ራሳቸው ዋጋውን አንረውታል፤ ካርቶኑ ሳይከፈት የቀረውን እንደ ወርቅ እየያዙ የሚነግዱበት አሉ። በዚህ ላይ ሐሳቤ ቁርጥ ነው፤ የተሠራው ለመገጣጠም ነውና ይገጣጠም። ሳይከፈት የሚቀመጠውም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም፤ በውሃ የሚለጠፉት ምልክቶች ይወይባሉ፣ ይሰነጠቃሉ፤ ለስላሳው ዓይነት ፕላስቲክ ዓመታት ሲቆጠሩ ደርቆ በጣት ሲነካ ይሰበራል። ለእኛ ግን መንገዱ በግዢ ብቻ መሆን የለበትም። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ውስጥ የቤተ እስራኤል ሴቶች ትንንሽ የሸክላ ምስሎችን እየሠሩ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር፤ ጥበቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም ማለት ነው። አንድ ስብስብ ለአንድ ትምህርት ቤት የታሪክ ክበብ ቢገባና ከእርሱ አሠራሩን ቢማሩበት፣ የቀረውን በሸክላ፣ በሽቦና በሙጫ መቀጠል ይቻላል። የወለንጪቲ ተማሪ በከተማው ሐዲድ ያለፈውን ወታደር በእጁ ቢሠራው፣ የኮሪያ ዘመቻ ለፈተና ከሚሸመደድ ዓመተ ምሕረት ያልፋል።

የሚያስቸኩለው ፕላስቲኩ ሳይሆን ማስረጃው ነው። በየዘማቹ ቤት ግድግዳ ላይ ወይም በሣጥን ውስጥ ያሉት ፎቶግራፎች እየደበዘዙ ነው፤ የደንብ ልብሱን የሚያስታውሱት አዛውንቶችም በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ የክንድ ምልክቱን ቅርጽ ያሳያል እንጂ ቀለሙን አይነግርም፤ ያንን የሚያውቀው ልብሱን የለበሰው ሰው ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከማስቲሹ በፊት፣ አባት ወይም አያት ዘንድ ቁጭ ብሎ በመጠየቅ ነው፤ ኮዳው በየትኛው ጎን ነበር፣ ካፖርቱ ምን ዓይነት ነበር፣ በረዶው ሲበረታ እግራችሁን በምን ትጠቀልሉ ነበር። መልሱ ከፎቶግራፉ ቅጂ ጋር ወረቀት ላይ ይስፈር፣ ቀኑም ይጻፍበት፤ ወታደሩ ተሠርቶ ሲያልቅም ከመቆሚያው ሥር የትኛውን ፎቶና የማንን ቃል እንደተከተለ ይለጠፍበት፤ ኋላ የሚመጣ ሠሪ ስህተቱን አግኝቶ እንዲያርመው።