ሰዓት እላፊ በቡልቡላ

በዝዋይና በሻሸመኔ መካከል በአውራው ጎዳና ላይ በምትገኘው በቡልቡላ፣ በደርግ ዘመን የኖሩ ሽማግሌዎችንና ባልቴቶችን ስለ ዕለት ኑሯቸው ጠይቀን ነበር። የጠበቅነው ስለ እስራትና ስለ ግድያ እንዲያወጉን ነው፤ እነርሱ ግን አብዝተው የነገሩን ስለ ሌሊቱ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ሕጉን ማስታወስ ያሻል። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሥልጣን ሲይዝ የሥራ ማቆም አድማንና ሰልፍን ከለከለ፤ በዚያው ዓመት ልዩ የጦር ፍርድ ቤት አቆመ፤ ኅብረተሰብአዊነትንም አወጀ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታ ዐዋጅ ቀበሌዎች ተቋቋሙ። ከዚያ ወዲህ መታወቂያውም፣ የጉዞ ይለፉም፣ የስኳሩና የሳሙናው ራሽንም ከቀበሌ ሆነ፤ ሌሊት የሚዞረው አብዮት ጠባቂም የቀበሌው ነው።

ሰዓት እላፊው በስንት ሰዓት ይጀምር እንደ ነበር የጠየቅናቸው ሰዎች አልተስማሙም፤ የእጅ ሰዓት ያለው ጥቂት ነበርና። አንድ አዛውንት፣ «ልጆቼ፣ መኪና ከጎዳናው ሲጠፋ እንገባለን» አሉን። እኚሁ ሰው በዚያ ዘመን የከብት ሌባ ቀንሶ እንደ ነበር ደጋግመው ነገሩን፤ ያዩትን ነውና አልዘለልነውም።

ይበልጥ ያቆየን የአንዲት እናት ወግ ነው። በአገሩ ልማድ ሰው በሌሊት ሲሞት ዋይታ ይሰማል፤ ጎረቤት ይነሣል፤ አስከሬን ብቻውን አያድርም። የእኚህ ሴት እናት በ1970 ዓ.ም. ክረምት፣ በሕመም፣ እኩለ ሌሊት ላይ ዐረፉ። «ብንጮህ ጎረቤት ይወጣል፤ ቢወጣ ይያዛል፤ ምናልባትም ይተኮስበታል። ነጠላችንን ነክሰን ዐደርን። ጎረቤቴ በግድግዳው ወዲያ ታስላለች፤ እኔም መልሼ አስላለሁ። ነገሩ እንደ ገባት ያወቅሁት በዚያ ነው» አሉን።

በቀይ ሽብር ጊዜ በአዲስ አበባ ለተገደሉት ማልቀስ እንኳ መከልከሉ የታወቀ ነው። የቡልቡላዋ እናት ግን ማንም አልገደላቸውም፤ ልቅሷቸውንም በስም የከለከለ ሰው የለም። እኛ እንደ ተረዳነው፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ የቀረውን ያደረገው ፍርሃቱ ነው።

ጎሕ ሲቀድና የመጀመሪያው መኪና ሲያልፍ ጮኹ። ጎረቤቱ ሁሉ ለባብሶ ከየበሩ ኋላ ቆሞ ኖሯል፤ ወዲያው ግቢው ሞላ። ሌሊቱን ጠመንጃ ይዞ ሲዞር ያደረው የሰፈሩ ልጅም አብሯቸው ቀብር ሄደ።