የከተማን ኑሮ በቴሌቪዥን በሙዚቃ ስለ ማሳየት

የደምቢያ ጤፍና ሽንብራ ከኮላ ድባ ገበያ ተጭኖ ወደ ጎንደር በሚወጣበት መንገድ ማሲንቆውን አንግቶ የወጣ አዝማሪም ብዙ ነው። ከእነዚህ መካከል አዲስ አበባ ድረስ የዘለቀው፣ የቤት ኪራዩን፣ የታክሲውን ግፊያና የአገር ቤት ናፍቆቱን ከእንግዳ አፍ ግጥም እየተቀበለ ሲያዜም ኖሯል። ስለዚህ ስለ ትልቅ ከተማ ኑሮ የሙዚቃ ትርኢት ለቴሌቪዥን ለማሰናዳት የሚያስብ ሰው ከባዶ አይነሣም፤ የድርሰቱ እኩሌታ በአዝማሪው አንደበት ይገኛል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥርጭቱን ሲጀምር ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ማሲንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትንና በገናን በአንድ መድረክ አሰባስቦ ነበር። ብቻውን መጫወት የለመደን ሰው ከሌሎች ጋር ማስማማት ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። በቴሌቪዥን ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ ካሜራ የተቈረጠ ደቂቃ ይፈልጋል፤ አዝማሪ ግን የታዳሚውን ፊት እያየ ያስረዝማል፣ ያሳጥራልም። ሰው በሌለበት ስቱዲዮ ያስገቡት እንደ ሆነ፣ ግጥም የሚሰጠው አጥቶ ይቀዘቅዛል። እንግዶች በተቀመጡበት አዝማሪ ቤት መቅረጽ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን በአዝማሪ ቤቶቹ ስመ ጥር የነበረው የካዛንቺስ ሰፈር አብዛኛው በ2017 ዓ.ም. ለመልሶ ማልማት ፈርሷል። አሰናጁ ቤቱን በሌላ ስፍራ መፈለግ ወይም በእንጨትና በመጋረጃ ማስመሰል ግድ ይሆንበታል።

ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነው? የሙዚቃ ዝግጅቶችን ሲደግፉ የኖሩት በብዛት የቢራ ፋብሪካዎች ነበሩ። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ስለ ከለከለ፣ የእነርሱ ወንበር ለጨርቅ አስመጪው፣ ለቅባት እህል ላኪው፣ ለባለ ሱቁም ክፍት ሆኗል።

ገንዘቡን የሚያወጣ ነጋዴ ውሉን አስቀድሞ ይመልከት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 ለደራሲው ብቻ ሳይሆን ለተጫዋቹም መብት ሰጥቷል፤ ያለ ፈቃዱ ጨዋታውን መቅረጽም ማሠራጨትም አይቻልም። (እንግዳው በመሐል የጣለው ስንኝ የማን እንደሆነ ግን ጠበቆችን የሚያከራክር ይመስላል።) አንድ ሌሊት ተቀርጾ የአንድ ሌሊት ዋጋ የተቀበለ አዝማሪ፣ ትርኢቱ በየበዓሉ ሲደገም ቤቱ ተቀምጦ ራሱን በነፃ እንዲያይ መደረግ የለበትም። የድግሙ ቍጥርና ክፍያው በጽሑፍ ሰፍሮ፣ አዝማሪው ማንበብ የማይችል ቢሆን በምስክር ፊት ተነቦለት፣ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ይፈረም።