አልከፈትም ስላለ የስፖርት መኪና ኮፈን

ኮፈን አልከፈትም ሲል ብዙ ሰው የሚያደርገው እጀታውን ይበልጥ መሳብ ነው። ይህ ግን ሽቦውን ሊበጥስ ይችላል፤ ከተበጠሰ ደግሞ ዘይቱንም ውሃውንም ማየት አይቻልም። ነገሩን እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዝ አገር በተሠራው ኤም ጂ ቢ እናስረዳለን።

እጀታው ሲሳብ በካቦው ሽፋን ውስጥ የሚያልፈው ሽቦ በስተፊት ያለውን መቆለፊያ ያስለቅቃል። ሽፋኑ ከማሰሪያው ሾልኮ እንደ ሆነ ግን ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ ጉልበቱ ከመቆለፊያው አይደርስም። ስለዚህ ሽፋኑን አጥብቆ ይዞ ሽቦውን ብቻ በፒንሳ መሳብ ያስፈልጋል።

በዚያው ጊዜ ሌላ ሰው ከመቆለፊያው በላይ ኮፈኑን ወደ ታች ይጫን። ሞላው ኮፈኑን ሽቅብ ስለሚገፋው መቆለፊያው ተወጥሮ ይይዛልና፣ ጫናው ሲቀልለት በቀላሉ ይለቃል። በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ይኸው ነው። ይሁን እንጂ በመዳፍ እንጂ በጡጫ አይሁን፤ የቀድሞዎቹ ኤም ጂ ቢዎች ኮፈን አሉሚኒየም ስለ ሆነ ቶሎ ይሰረጉዳል።

ከተከፈተ በኋላ መቆለፊያውን አጽድቶ ግራሶ መቀባት፣ ሽፋኑንም በማሰሪያው ማጥበቅ ይገባል። ጠንቃቆች ሁለተኛ ሽቦ ከመቆለፊያው አስረው ጫፉን ከመኪናው ሥር እጅ በሚደርስበት ቦታ ይደብቃሉ።