ትንሿ ሚሞሪ፣ ትልቁ ኪሣራ

የቆቦና የራያ ቆላ ፎቶ ቤቶች ለካሜራቸው ምን ይግዙ?

ጥር በገባ ቁጥር በቆቦ ከተማና በዙሪያዋ ባለው የራያ ቆላ ሥራ ከሚበዛባቸው መካከል ድንኳን አከራዮችና ፎቶ ቤቶች ይገኙበታል። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባሉት ሳምንታት ሰርግ በሰርግ ላይ ይደራረባል። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ከነሐሴ 16 ጀምሮ የሶለል ጨዋታ ልጃገረዶችን አስጊጦ ወደ አደባባይ ያወጣል። ለፎቶ አንሺው ሁለቱም የዓመቱ መከር ናቸው።

በዚህ ሥራ ላይ የሚፈሰው ዋናው ካፒታል ለካሜራ፣ ለሌንስና ለመብራት የሚወጣው ነው። ከዕቃው ሁሉ በዋጋም በመጠንም አነስተኛው ሚሞሪ ካርድ ነው። ይሁን እንጂ የቀኑ ሥራ በሙሉ የሚቀመጠው በእርሱ ላይ ነው። ካሜራ ቢበላሽ ከባልንጀራ ይዋሳሉ፤ መብራት ቢቃጠል በሌላ ይተካል። ሚሞሪው ከከዳ ግን ሙሽሮቹ ዳግመኛ አይዳሩም።

በፊልም ዘመን አንድ ጥቅል ቢበላሽ የሚጠፋው በተለመደው 36 ፎቶ ነበር። ዛሬ 32 ጂቢ የሚይዝ አንድ ካርድ ከ3,000 በላይ ፎቶ ሊሸከም ይችላል። ሙሽራው ከቤት ሲወጣ፣ ሙሽሪት ስትሸኝ፣ ሽማግሌ ሲመርቅ፣ መልሱም ሳይቀር በዚያችው ካርድ ላይ ነው። ካርዷ ባዶ ሆና ከተገኘች ፎቶ ቤቱ ቀብዱን ይመልሳል፣ የአልበሙን ክፍያ ያጣል፣ ስሙም ይጠፋል። ቆቦን በመሰለ ሰው በሚተዋወቅበት ከተማ ከሦስቱ ከባዱ የመጨረሻው ነው።

ከመርካቶ እስከ ቆቦ

ቆቦ ከአዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከወልድያ ደግሞ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ነች። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከመርካቶ ጅምላ አከፋፋይ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ በኩል ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ በየደረጃው ትርፍ ይጨመርበታል። በየደረጃው የሚጎድል ነገርም አለ፤ ይኸውም ዕቃው መጀመሪያ ከማን እንደተገዛ የሚያስረዳው ማስረጃ ነው። ቸርቻሪው ዘንድ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የቀረው በማሸጊያው ላይ ያለው ስም ብቻ ነው።

የምንዛሪው ሁኔታም ነገሩን አክብዶታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ሚሞሪ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በመሆኑ ለውጡ በቀጥታ ይነካዋል። ዋጋ ሲወደድ ገዢ ወደ ርካሹ ያዘነብላል፤ አስመስሎ ሠሪውም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው።

የደንበኛው ዓይነትም እየተለወጠ ነው። አይፎን ከመጀመሪያውም ሚሞሪ የሚገባበት ቦታ የለውም። ሳምሰንግም በ2021 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው የጋላክሲ ኤስ21 ስልኮች ጀምሮ ቦታውን ከውድ ሞዴሎቹ አንሥቶታል። በመሆኑም ዘፈን የተጫነበት ሚሞሪ ለስልክ በመሸጥ ላይ የተመሠረተው ንግድ እየጠበበ ሲሄድ፣ ለዚህ ዕቃ በየጊዜው ገንዘብ የሚያወጣው ደንበኛ ባለካሜራው ይሆናል። እርሱ ደግሞ አንድ ጊዜ ከተታለለ ወደዚያ ሱቅ አይመለስም።

128 የተባለው 8 ሲሆን

በሚሞሪ ካርድ ውስጥ ሁለት ዋና ክፍሎች አሉ። አንደኛው መረጃውን የሚይዘው ቺፕ ሲሆን ሁለተኛው ቺፑን የሚመራው ኮንትሮለር ነው። አስመሳዩ 8 ጂቢ ብቻ የሚይዝ ቺፕ ወስዶ ኮንትሮለሩ 128 ጂቢ ነኝ ብሎ እንዲናገር ያደርገዋል። ካሜራውም ኮምፒውተሩም የተነገራቸውን ያምናሉ። የመጀመሪያው 8 ጂቢ እስኪሞላ ድረስ ሁሉም ደህና ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፎቶ ወይ በቀደመው ላይ ይጻፋል፣ ወይም የትም ሳይቀመጥ ይቀራል። ካሜራው ግን መቁጠሩን ላያቆም ይችላል። ጉዱ የሚወጣው ማታ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ነው።

በማሸጊያው ላይ ያለው የታወቀ ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በ2010 እ.ኤ.አ. አንድሪው ሁዋንግ የተባለው አሜሪካዊ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ የተጠራጠራቸውንና ከቻይና ገበያ የገዛቸውን ማይክሮ ኤስዲ ካርዶች ሽፋናቸውን በአሲድ አሟሙቶ ውስጣቸውን መርምሯል። በአንድ ዓይነት ስም ሥር የተለያየ ቺፕ ሊገኝ እንደሚችልም አሳይቷል።

እዚህ ላይ ሻጭና ገዢን በከንቱ የሚያጣላ አንድ ጉዳይ አለ። እውነተኛ 128 ጂቢ ካርድ ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሲገባ 119 ያህል ብቻ ያሳያል። 32ቱም 29 ከምናምን ይላል። ይህ ማጭበርበር ሳይሆን የአቆጣጠር ልዩነት ነው፤ አምራቹ በ1,000 ሲያባዛ ኮምፒውተሩ በ1,024 ያካፍላል። ሐሰተኛው ካርድ ግን 119ኙን አሟልቶ እያሳየ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ማረጋገጫው አንድ ነው፤ ካርዱን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ማንበብ። ይህን የሚሠሩ ኤች ቱ ቴስት ደብሊውና ኤፍ ስሪ የተባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። በካርዱ ላይ የነበረው ነገር ሊጠፋ ስለሚችል ሙከራው መደረግ ያለበት ካርዱ ለሥራ ሳይውል ነው። በሰከንድ 20 ሜጋባይት የሚጽፍ 64 ጂቢ ካርድ ለመጻፉ ብቻ አንድ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ለአንድ ሰርግ ዋስትና ብዙ አይደለም።

በካርዱ ላይ ያሉት ምልክቶች

ገዢው አስቀድሞ ማየት ያለበት የካሜራውን ጉሮሮ ነው። እንደ ካኖን 5ዲ ማርክ ቱ ያሉ ቆየት ያሉ ካሜራዎች የሚቀበሉት ኮምፓክት ፍላሽ የሚባለውን ትልቁን ካርድ ነው። በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚሠራበት ኤስዲ ሲሆን፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ሳንዲስክ፣ ፓናሶኒክና ቶሺባ በጋራ ያወጡት ነው። እስከ 32 ጂቢ የሚይዘው ኤስዲኤችሲ፣ ከዚያ በላይ እስከ 2 ቴራባይት የሚይዘው ኤስዲኤክስሲ ይባላል። ኤስዲኤክስሲ የወጣው በ2009 እ.ኤ.አ. በመሆኑ ከዚያ በፊት ለተሠራ ካሜራ ከ32 ጂቢ በላይ መግዛት ገንዘብን ማባከን ሊሆን ይችላል።

በስልክ ዕቃ ሱቆች የሚገኘው ማይክሮ ኤስዲ በአስማሚ ማቀፊያ ውስጥ ገብቶ ለካሜራም ይሠራል። ነገር ግን ማቀፊያው ራሱ ሊላላ የሚችል ተጨማሪ መገናኛ ነው። ለሰርግ ሥራ ሙሉ መጠን ያለው ኤስዲ ይመረጣል።

ቀጥሎ የሚታየው ፍጥነት ነው። በካርዱ ፊት ላይ በትልቁ የሚጻፈው በሰከንድ 100 ወይም 150 ሜጋባይት የሚለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የማንበብ፣ ያውም የከፍተኛው ፍጥነት ነው። ለቪዲዮ ቀራጩ የሚጠቅመው ግን ትንንሾቹ ምልክቶች ናቸው። በክብ ውስጥ ያለው 10 ቁጥርና ዩ1 በሰከንድ ቢያንስ 10 ሜጋባይት፣ ዩ3 እና ቪ30 ቢያንስ 30፣ ቪ60 ደግሞ ቢያንስ 60 ሜጋባይት ለመጻፍ የተገባ ቃል ናቸው። በነጋዴ ቋንቋ ትልቁ ቁጥር ገበያው የደረሰበት ጣሪያ ሲሆን ትንሹ ምልክት የማይወርድበት ወለል ነው። የሚገዛው ወለሉ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የካሜራው መመሪያ 4ኬ ቪዲዮን በሰከንድ በ100 ሜጋቢት እቀርጻለሁ ካለ፣ ለ8 ሲካፈል 12.5 ሜጋባይት ይሆናል። ባለ 10ሩ ካርድ ለዚህ ዋስትና አይሰጥም፤ ቪ30 ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ያለው ለዚህ ሥራ ትርፍ ወጪ ነው። ኤ1 እና ኤ2 የሚሉት ምልክቶች የስልክ ፕሮግራሞችን የሚመለከቱ ስለሆኑ ለካሜራ ተጨማሪ ዋጋ አይከፈልባቸውም። ካሜራውም የራሱ ገደብ አለው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ካኖን 5ዲ ማርክ ስሪ የኮምፓክት ፍላሽና የኤስዲ ቦታ ቢኖረውም የኤስዲው በኩል የአዲሶቹን ካርዶች ፍጥነት አይቀበልም። ለዚያ ቦታ ውድ ካርድ የገዛ ሰው የከፈለውን ያህል አያገኝም።

አንድ ትልቅ ወይስ ሁለት ትንንሽ?

ለአንድ ጂቢ የሚከፈለው ሂሳብ ሲታይ ትልቁ ካርድ ሊረክስ ይችላል። ሆኖም 128 ጂቢ አንድ ካርድ የያዘ ሰው ሰርጉን ሁሉ በአንድ ቅርጫት አስቀምጧል። ሁለት 64 ወይም አራት 32 የያዘ ግን አንዱ ቢበላሽ ቀሪው ይተርፈዋል። ሁለት ካርድ የሚቀበል ካሜራ ያለው ደግሞ ፎቶው በሁለቱም ላይ እኩል እንዲቀመጥ ማዘዝ ይችላል።

መጠኑን ለመወሰን የሥራውን ርዝመት ማስላት ነው። በተጠቀሰው ካኖን 5ዲ ማርክ ስሪ 32 ጂቢ ካርድ በተጨመቀው የሙሉ ኤችዲ ቪዲዮ ዓይነት ሁለት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ሲይዝ፣ ያነሰ በተጨመቀውና ይበልጥ በሚከብደው ዓይነት 44 ደቂቃ ብቻ ይይዛል። ሰርጉ በቆቦ ከተማ ከሆነ እየመለሱ መገልበጥ ይቻላል። ወደ ዞብል ተራራ ወገን ወይም መብራት ወደሌለበት የገጠር ቀበሌ የወጣ ቀራጭ ግን ለሁለቱም ቀን የሚበቃውን ካርድ ከቤቱ ይዞ መሄድ አለበት።

የቆላው ሙቀት ሚሞሪ ያቃጥላል የሚል ሥጋት ሊኖር ይችላል። የኤስዲ ካርድ ደንብ ካርዱ እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሠራ ስለሚጠይቅ የራያ ፀሐይ ብቻዋን አትጎዳውም። ይበልጥ የሚያሰጋው በወርቃማ መገናኛዎቹ ላይ የሚያርፍ አቧራና የእጅ ላብ፣ እንዲሁም የካሜራው ቀይ መብራት ሳይጠፋ ካርዱን መንቀል ነው። ክዳን ያለው ትንሽ መያዣ ዋጋው ከጉዳዩ ጋር አይመዛዘንም። ካርድ ሲጸዳም ፎቶዎቹ ከተገለበጡ በኋላ በራሱ ካሜራ ውስጥ ፎርማት ቢደረግ ይመረጣል። በስሕተት ፎቶ የጠፋበት ሰው በዚያ ካርድ ላይ አንድም ተጨማሪ ፎቶ ሳያነሳ ባለሙያ ጋ ቢወስደው የማትረፍ ዕድል አለው። በሐሰተኛ ካርድ ላይ ግን ከመጀመሪያው ያልተጻፈውን ማንም አያተርፈውም።

ሻጩም የሚያተርፍበት

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። መብቱን ለመጠቀም ግን ደረሰኝ ያስፈልጋል፤ ካርዱም በ15 ቀናት ውስጥ መፈተሽ አለበት። በኅዳር ገዝቶ በጥር ሰርግ ላይ የሚከፍት ሰው ቀኑ ያልፍበታል።

ከጅምላ አከፋፋይ የሚያመጣ ቸርቻሪም ከየሳጥኑ አንድ ሁለት ካርድ አውጥቶ ቢፈትሽ ቢያንስ የተበላሸውን ሳጥን ገንዘቡ ሳይሰምጥ ይመልሳል። በገዢው ፊት ፈትሾ፣ ደረሰኝ ቆርጦ የሚሸጥ ሱቅ ዋጋውን ጥቂት ከፍ ቢያደርግ እንኳ የሚከፍለው አያጣም። ፎቶ ቤት የሚገዛው ካርዱን ብቻ ሳይሆን እምነቱንም ነውና።

ሁለተኛ ቅጂ የማስቀመጥን ጥቅም የቆቦ ነጋዴ ለማወቅ መምህር አያሻውም። ከተማዋ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ቆይታለች። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳግም ሲያገረሽም ከመጀመሪያዎቹ ግንባሮች አንዷ ነበረች። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ስለነበር ፎቶን በኢንተርኔት አስቀምጬ አወርደዋለሁ ማለት አያዛልቅም ነበር። ሱቅ ሲዘጋና ሰው ሲሰደድ ኮምፒውተሩ ይቀራል፤ ሚሞሪ ግን በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ይሄዳል።

ሚሞሪ ለዓመታት ማስቀመጫ እንዲሆን የተሠራ ባለመሆኑ ሥራው በዚያው ሳምንት ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ አለበት። አንዱ ቅጂ በፎቶ ቤቱ፣ ሌላው በሙሽሮቹ ቤተሰብ እጅ ቢቀመጥ ወጪው ከአንድ ተጨማሪ ካርድ ብዙም አይበልጥም። ለመጪው ጥር የሚዘጋጅ ፎቶ ቤት ካርዱን አሁን ገዝቶ፣ ደረሰኙን ይዞ፣ ዛሬ ማታ ሞልቶ ቢፈትሽ ጊዜው ገና ነው።